ከጆሮዬ ጀርባ ያለውን ላያችሁልኝ

በቅድሚያ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። የቀዶ ሕክምናዬ ውጤት መጥቷል፤ ከጆሮዬ ጀርባ የተቆረጠው ሥጋ ጠርዙ ዙሪያውን ንጹሕ ነው፣ የቆዳ ካንሰሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ብለውኛል። ለደወላችሁትም ለጸለያችሁትም በየተራ መልስ መስጠት ስላልቻልኩ እዚህ ልጻፍ።

አልቢኒዝም እንዳለብኝ የማታውቁ የላችሁም። ቆዳችን ሜላኒን የሚባለውን ቀለም በበቂ ስለማያመርት ፀሐይን የሚመክትልን የለም፤ ካንሰሩም የሚወጣብን በአብዛኛው ፀሐይ በሚያገኘን ቦታ ነው፦ ፊት፣ አንገት፣ ከንፈር፣ ጆሮ። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ይኸው እጥረት ዓይናችንንም መንካቱን ነው። አጥርቶ የሚያየው የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ማዕከል ከፅንስ ጀምሮ በደንብ ስለማያድግ መነጽር ቢያግዝም ሙሉ ለሙሉ አያስተካክለውም። እንግዲህ አስቡት፤ ቆዳውን በየጊዜው መፈተሽ ያለበት ሰው የገዛ ቆዳውን አጥርቶ አያይም። ከጆሮ ጀርባማ ጨርሶ!

ስለዚህ ከሐኪሞቼ በፊት ፀጉር ሠሪዬን ላመስግን። እህቴ፣ ፀጉሬን ስታጥቢኝ ቆም አልሽና «ይሄ ነገር ባለፈውም ነበር፤ ቅርፊቱ ይነሳል፣ ይደማል፣ መልሶ ይገጥማል። መነጽር ፈግፍጎሽ ቢሆን እንዲህ አያደርግም» አልሽኝ። በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ፣ አጉልተሽ፣ ዓይኔ ሥር አስጠጋሽልኝ። ከትንሿ ጣቴ ጥፍር የማትበልጥ፣ ጠርዟ የደደረ ቁስል። ቀደም ሲል ያየኝ ባለሙያ ቅባት ብቻ አዝዞ ሸኝቶኝ ነበር። ያንቺ ልብ ግን አላረፈም፤ ቀጠሮ እስክይዝ ስትነዘንዢኝ ከረምሽ። ተባረኪ።

ዶክተር፣ «ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ» የሚለውን (አንድ ዓይነት የቆዳ ካንሰር ነው) ውጤት ሲነግሩኝ ወዲያው በጊዜ ተቆርጦ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚድን ጨምረው ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ግንባሬ ላይ ያሉትን ገና ካንሰር ያልሆኑ ሸካራ ነጠብጣቦችም በፈሳሽ ናይትሮጅን አጠፉልኝ። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው አሉ፤ ብርድም ያቃጥላል ለካ! የቁስል አጠባበቅ መመሪያውን በወፍራም እስክሪብቶ፣ በትልልቅ ፊደል ደግመው የጻፉልኝ ሲስተር ደግሞ፣ ያን ወረቀት ያለማንም እርዳታ አነበብኩት።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ ጠረጴዛዬን ሳልጠይቃችሁ ከመስኮቱ አርቃችሁልኛል። የፀሐይ መከላከያ ክሬሙ በየ2 ሰዓቱ መቀባት እንዳለበት ከእኔ ይልቅ እናንተ ታስታውሳላችሁ።

እማዬ፣ ባርኔጣዬ ላይ አንገት የሚሸፍን ጨርቅ የሰፋሽልኝ፣ ስትወልጂኝ ብዙ የተወራብሽ፦ ዘረ መሉ ከአንቺም ከአባዬም እኩል የመጣ ነው፤ ሁለታችሁም ሳታውቁ ተሸክማችሁት ኖራችኋል። ይህን ሐኪሙ ፊት ለፊትሽ ሲናገር በመስማትሽ ደስ ብሎኛል።

አንዴ የወጣበት ሰው ሌላ ቦታም ሊወጣበት ስለሚችል ክትትሌ ይቀጥላል። በመሃል ፊቴም ሆነ አንገቴ ላይ አዲስ ነገር ካያችሁ አትሳቀቁ፣ ንገሩኝ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ።