እማዬ፣ ድግሱን አቆዪው

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? የደብረ ብርሃን ብርድ ሲገባ እንደሚብስብሽ አውቃለሁ፤ ጋቢውን ትከሻሽ ላይ ብቻ አትጣይው፣ እግርሽንም ሸፍኚበት። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስፈለገ ትዪ ይሆናል። ስልክ ላይ አንቺን ማን ይችልሻል? ገና አፌን ስከፍት «እሰይ የኔ ልጅ» ትዪና ወደ ጎረቤት ወሬ ትሻገሪያለሽ። ሦስት እሁድ ልነግርሽ ሞከርኩ፣ ሦስቱንም እሁድ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርተን ዘጋን። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ደውላ ነበር። ለሐምሌ ቅቤ እያጠራቀምሽ ነው አለችኝ። ጌሾም አስገዝተሻል። የዕድሩን ሴቶች በሙሉ «ልጄ ዘንድሮ ትመረቃለች» ብለሽ ነግረሻቸዋል፣ አንዷማ ለዚያ ቀን የምትለብሰውን ቀሚስ ሸማኔ ጋ አዛለች አሉ።

እማዬ፣ ዘንድሮ አልመረቅም። የሚመጣው ዓመትም አልመረቅም። ነገሩ ካማረልኝ 2020 ነው።

ይኸው፣ ወጣልኝ። ቅቤውን አንጥሪና አስቀምጪው፣ አይበላሽም። ጌሾውን እንደፈለግሽ። ቀሚሱ ግን የኔ ጥፋት አይደለም።

በ2014 መስከረም ስመዘገብ «ትምህርት ቤት የሌለው ትምህርት ደግሞ እንዴት ያለ ነው? አስተማሪው የት ነው?» ብለሽኝ ነበር። ስቄ አለፍኩሽ። ያኔ ቁጭ ብዬ አስረድቼሽ ቢሆን ዛሬ ጌሾ አይገዛም ነበር።

የርቀት ትምህርት ማለት እንዲህ ነው። ስትመዘገቢ ሞጁል ይሰጡሻል። ሞጁል መጽሐፍ ነው፤ ግን አስተማሪ እንደሚያደርገው ትንሽ ያስረዳሽና ቆም ብሎ ይጠይቅሻል፣ መልሱን መጨረሻው ገጽ ላይ ታገኚዋለሽ። (ሳይሠሩ መልሱን አለማየት የራስ ጨዋነት ነው። እኔ አያለሁ።) ከዚያ በእጅሽ ጽፈሽ ማዕከሉ ድረስ ወስደሽ የምታስረክቢው አሳይንመንት አለ። በሴሚስተር ጥቂት ቅዳሜና እሁድ ቱቶሪያል የሚሉት አለ፤ አስተማሪው የወራቱን ትምህርት በሁለት ቀን አጣድፎ ይነግርሻል፣ አንቺ ደግሞ በእንቅልፍ ዓይን ትሰሚያለሽ። ከዚያ ፈተና። የቀረውን ጊዜ ሁሉ ብቻሽን ነሽ። «ትናንት ለምን ቀረሽ?» የሚልሽ የለም። መጀመሪያ ይሄ ነፃነት መስሎኝ ነበር።

የቀን ተማሪ በአራት ዓመት የሚጨርሰው እኔን ስድስት የሚፈጅብኝ በሴሚስተር ሦስት ኮርስ ብቻ ስለምወስድ ነው። አንዴ አራት ወስጄ ነበር። እሱን ዝቅ ብዬ እነግርሻለሁ።

ደግሞ ሥራዬን «ኮምፒውተር ላይ ነው» እያልሽ እንደምታወሪልኝ ሰምቻለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ነው እማዬ። አራት ኪሎ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ኮፒ ማሽን፣ አንዱ ደግሞ ወረቀት የሚበላ። ጠዋት ሁለት ተኩል እገባለሁ፣ አስራ ሁለት ሰዓት እወጣለሁ፤ እሱም መብራት ካልጠፋ ነው፣ ከጠፋ እስኪመጣ እንጠብቃለን። ሰኔ ሲመጣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስጠርዙ ተማሪዎች እስከ አስፋልቱ ይሰለፋሉ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ደብድቤ አስተካክላለሁ፣ ጀርባውን ኮላ እቀባለሁ፣ ጠንካራውን ሽፋን አለብሰዋለሁ፣ ከዚያ ስማቸውን በወርቅ ቀለም አትምበታለሁ። ኮላው ጣቴ ላይ ይደርቅና ማታ እንጀራ ስቆርስ እንደ ቆዳ እየተላጠ ይወጣል። አምና አንድ ልጅ የአካውንቲንግ ጽሑፉን አምስት ኮፒ አስጠረዘኝ፤ የኔው ትምህርት፣ ከኔ በስንት ዓመት የሚያንስ ልጅ። እሱ ከሄደ በኋላ የብረት ፊደሎቹን አንስቼ የራሴን ስም መደርደር ጀመርኩ። ሁለት ፊደል ደርድሬ አሠሪዬ ገባ። አፈረስኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

በ2016፣ ፒያሳ የፈረሰ ጊዜ፣ ዶሮ ማነቂያ የተከራየሁበትን ቤት ለቅቄ ፈረንሳይ ሰፈር መግባቴን ታውቂያለሽ። የማታውቂው በዚያው ሴሚስተር ቶሎ ልጨርስልሽ ብዬ አራት ኮርስ መመዝገቤን ነው። ዕቃ እያጓጓዝኩ፣ ቤት እየፈለግኩ፣ ሥራ እየገባሁ። የሁለቱ ሞጁል ከነላስቲኩ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ አልተከፈተም። የአሳይንመንቱ ቀን ደረሰ።

እኛ በር ላይ አንድ ልጅ አለ። «አሳይንመንት፣ ፕሮፖዛል፣ ሪሰርች በጥራት እንሠራለን» የሚል ወረቀት ይለጥፋል። ያንን ወረቀት ኮፒ የማደርግለት እኔ ነኝ። ለሁለቱ 600 ብር ከፈልኩት። ብሩ ደግሞ ከየት መሰለሽ፣ ለፋሲካ ሁለቱን በጎች ሸጠሽ «ለትምህርቷ» ብለሽ ከላክሽው ላይ ነው።

አሳይንመንቱ 27 ከ30 አመጣ። አስተማሪው «ግሩም» ብሎ ጽፎበታል። ፈተናው ቀን ግን ወረቀቱን ስገልጥ ያው ራሱ ነገር መጣ፣ እኔ «ግሩም» አድርጌ ሠራሁት የተባለው። የጥያቄውን ፊደል አውቀዋለሁ፣ ነገሩን አላውቀውም። ስሜን ጻፍኩ፣ መታወቂያ ቁጥሬን ጻፍኩ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ እስክሪብቶ አገላበጥኩ። በሁለቱም ኤፍ። ኤፍ ማለት ወደቅሽ ማለት ነው፤ ከፍለሽ እንደገና ከመጀመሪያው።

ለማንም አልተናገርኩም። አንቺ «ትምህርት እንዴት ነው?» ስትዪኝ «ጥሩ ነው» እልሻለሁ። የዕድር ሒሳብ ያዥ ልጅ ሆኜ፣ አንድ ብር ሲጎድል እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ልጅ ሆኜ፣ 600 ብርሽን ምን ላይ እንዳዋልኩት ሁለት ዓመት ሙሉ ደበቅኩሽ። ይቅር በይኝ። ብሩን እመልሳለሁ ብል እንደምትቆጪ ስለማውቅ አልልም።

አጎቴ የርቀት ዲግሪ ወረቀት ብቻ ነው እያለ እንደሚያሾፍ አልጠፋኝም። ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። መንግሥትም በ2002 ማብቂያ ላይ የርቀት ትምህርትን ጭራሽ አግዶት ነበር፣ ከወራት በኋላ ነው መልሶ የፈቀደው፤ ጥራት የለውም ተብሎ። በር ላይ እንደቆመው ልጅ ያለ፣ እንደኔም ያለ ሞልቶ ነዋ። አሁን ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚይዝ ሁሉ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና አለበት፣ ከመቶ 50 ካላመጣ ዲግሪ የለም፣ የመንግሥትም ይሁን የግል። ብዙ ሰው ይራገመዋል። እኔ መጀመሪያ ረግሜው ነበር፤ አሁን ሳስበው ከአጎቴ አፍ የሚያድነኝ እሱ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሲያስቀምጡኝ የበሩ ልጅ አጠገቤ አይኖር።

ደግሞ ለአጎቴ ይሄን ንገሪልኝ። ማንዴላን ያውቀዋል አይደል፣ በ1954 እዚሁ ኮልፌ መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደውን። ሰውዬው የሕግ ዲግሪውን የያዘው እስር ላይ እያለ በርቀት ተምሮ ነው፣ ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ በፈረንጆች 1989። ሰባ ዓመት ሞልቶታል ያኔ! ሕግ መማር ከጀመረ አርባ ዓመት አልፎታል። ያ ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባም ማዕከል አለው፣ አቃቂ። የኔ ስድስት ዓመት ምን ያስገርማል?

አንቺስ ብትሆኚ? መሠረተ ትምህርት በ1971 ሲጀመር ቀን ኩበት ስትለቅሚ ውለሽ ማታ በኩራዝ ነው ሀ ሁ የቆጠርሽው። አስተማሪው የት ነው ትዪኛለሽ እንጂ።

የወደቅኳቸውን ሁለቱን በ2017 ደግሜ ወሰድኳቸው፣ በሴሚስተር አንድ አንድ። ከሥራ ስወጣ ቤት አልገባም፤ ቤት ከገባሁ አልጋው ይጠራኛል። እዚሁ አራት ኪሎ በ2014 የተከፈተው አብርሆት የሚባል ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አለ። እዚያ ገብቼ እስከ ሦስት ሰዓት ቁጭ እላለሁ። ዙሪያዬን ያሉት አብዛኞቹ ልጆች ናቸው፣ ጆሯቸው ላይ ነገር ሰክተው የሚያጠኑ። እኔ ከጣቴ ላይ ኮላ እየላጥኩ።

አንድ ማታ ትራያል ባላንስ እየሠራሁ ነበር። ትራያል ባላንስ ማለት አንቺ በወር መጨረሻ የምታደርጊው ነው፣ ግራውን ደምረሽ ቀኙን ደምረሽ እኩል መሆኑን ማየት። አልገጠመልኝም። 90 ብር ልዩነት። አንዴ ደመርኩ፣ ሁለቴ ደመርኩ፣ አራቴ ደመርኩ፣ ያው 90። ሻንጣዬን ልዘጋ ስል የቱቶሪያል አስተማሪያችን እንደ ዋዛ የተናገረው ትዝ አለኝ። ልዩነቱ ለዘጠኝ እኩል የሚካፈል ከሆነ ሁለት ቁጥር ቦታ ተለዋውጦብሻል ማለት ሊሆን ይችላል ብሎን ነበር። 90 ለዘጠኝ፣ አስር። ወደ ላይ ስመለከት 1,450 የሚለውን 1,540 ብዬ ገልብጬዋለሁ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ «እልልል» ማለት አይቻልም እንጂ አንቺ ብትሆኚ ትዪ ነበር። አጠገቤ ያለችው ልጅ ምን ሆነሽ ነው ብላ አየችኝ። ዘጠኝ ነው አልኳት። ምን ይግባት።

በሁለቱም አለፍኩ። በአንዱ ቢ፣ በአንዱ ሲ። ማንም «ግሩም» አላለኝም።

ስለዚህ ለሴቶቹ እውነቱን ንገሪያቸው። «ወድቃ ነበር፣ ደግማ አለፈች፣ 2020 ነው» በያቸው። ታፍሪብኛለሽ ብዬ ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ የዋሸሁት፤ ካፈርሽም ግን ደውለሽ ተቆጪኝ እንጂ ለአክስቴ አታልቅሺባት፣ እሷ ደግሞ ለእኔ ታለቅሳለች። ለጥምቀት አንድ ቀን ፈቃድ ካገኘሁ ከላምበረት ተሳፍሬ ብቅ እላለሁ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። አክስቴ የዕድሩ ሒሳብ 270 ብር አልገጠመልሽም፣ ሴቶቹም ማጉረምረም ጀምረዋል አለችኝ። ከኪስሽ እንዳትሞይው! 270 ለዘጠኝ ይካፈላል፣ ሠላሳ። ደብተሩን አውጪና 630 መሆን ያለበትን 360፣ ወይም 410 መሆን ያለበትን 140 ብለሽ የጻፍሽበት ቦታ እንዳለ ፈልጊ። ከሌለ ደግሞ ግማሹን፣ 135ን ፈልጊ፤ ገቢ የነበረ ብር ወጪ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ልዩነቱ እጥፍ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሁለቱም ካልሆነ የታችኛው ቤት ልጅ ገጾቹን በስልኩ ፎቶ ያንሳና በቴሌግራም ይላክልኝ፤ ማክሰኞ ማታ ቤተ መጻሕፍት ይዤው እቀመጣለሁ።

ልጅሽ
አራት ኪሎ