ቀረጥ ያልተከፈለበት ሲጋራ፦ ሕጉ አጫሹንና አሻጋሪውን ይለይ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ቀረጥ ያልተከፈለበት ሲጋራ መሸጥ በወንጀል ማስጠየቁን አልቃወምም፤ የምቃወመው አንድ ፓኬት በኪሱ የተገኘ አጫሽና ሲጋራ በጭነት መኪና የሚያሻግር ነጋዴ በአንድ አንቀጽ ሥር እንዲዳኙ ማድረግን ነው።

የዚህ ኮንትሮባንድ ትርፍ የሚገኘው ከትንባሆው ሳይሆን ካልተከፈለው ግብር ነው። ዕቃው ቀላልና ለመደበቅ የሚመች በመሆኑ፣ ቀረጡን ያመለጠ ሰው ከሕጋዊው ነጋዴ አርክሶ ሸጦም ያተርፋል። ቀረጡ መከፈሉ የሚታወቀው ፓኬቱ ላይ በተለጠፈው ቴምብር ነው፤ በነጠላ የሚገዛ ሰው ግን ፓኬቱን እንኳ ላያይ ይችላል። ይህን ሰው «አውቀህ ነው የያዝከው» ብሎ መክሰስ ለዐቃቤ ሕግም ቢሆን የሚያኮራ ሥራ አይመስለኝም።

መጠንን መለኪያ ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል የሲጋራ ኮንትሮባንድ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1978 ሲወጣ የወንጀሉን መነሻ ከ60,000 ሲጋራ በላይ አድርጎ ነበር፤ በ2006 ወደ 10,000 ዝቅ ቢደረግም፣ እስከ አምስት ዓመት የሚያስቀጣው ይህ ወንጀል አሁንም በቁጥር የተገደበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ ወጥ የትንባሆ ንግድን የማስወገድ ዓለም አቀፍ ፕሮቶኮልም ትኩረቱን ያደረገው በአምራቾች ፈቃድና ምርቱን ከፋብሪካ ጀምሮ በመከታተል ላይ ነው።

ስለዚህ ለግል ፍጆታ የተያዘው ተወርሶ በአስተዳደራዊ መቀጮ ይታለፍ፤ እስራቱ ለአከፋፋዩ፣ ቴምብር አስመስሎ ለሚያትመውና በኬላ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ለሚያሳልፈው ሠራተኛ ይዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ