ዝውውር ቅጣት አይደለም

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በእጄ የሚገኝ አንድ ብጣሽ ወረቀት ነው። ከደብተር የተቀደደ ግማሽ ገጽ ሲሆን በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለካምፕ ሥራ 140 እግር ባሕር ዛፍ ተቆርጧል» የሚል ተጽፎበታል። ከግርጌው ፊርማ አለ፤ የፈራሚው ስም ግን የለም፣ ማዕረጉ የለም፣ ማኅተምም አላረፈበትም። ወረቀቱን የሰጠኝ ልጅ እግር ወታደር ነበር፤ ፊርማው የማን እንደሆነ ብጠይቀው «የአዛዣችን ነው፣ አባቴ» ብሎ በትሕትና መለሰልኝ። ስማቸውን እንዲነግረኝ ስለምነው ግን አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ልጁን አልተቀየምኩትም፤ እኔም በእሱ ዕድሜ ሳለሁ የአዛዤን ስም ለባላገር የምናገርበት አንደበት አልነበረኝም።

ባሕር ዛፉ ጡረታዬን የምደጉምበት ነበር። ወረቀቱን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ፤ ቀበሌው ወደ ወረዳው ሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት መራኝ፤ ጽሕፈት ቤቱ ጉዳዩ ከሥልጣኑ በላይ መሆኑን ገልጾ ወደ ካምፑ እንድሄድ መከረኝ፤ ካምፑ በር ላይ ሦስት ቀን ከተመላለስኩ በኋላ ደግሞ ያ ክፍል ወደ ሌላ ቀጣና እንደተዛወረ፣ አሁን ያለው አዲስ እንደሆነና ስለቀድሞው የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ተነገረኝ። አዲሱ መኮንን ሰው አክባሪ ነበሩ፤ ወንበር ሰጥተው አነጋገሩኝ፣ ያሉኝም ሁሉ እውነት ነበር። ማንም ሳይዋሸኝ፣ ማንም ሳይሰድበኝ፣ የምከሰው ሰው ግን ጠፋ።

የእንጨት ነገር ቀላል መሆኑን አላጣሁትም። በዚያው በር ላይ ተራ ይጠብቁ ከነበሩት መካከል ስለታሰረ ልጃቸው ሊጠይቁ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። የእኔን ጉዳይ ሲሰሙ ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና «እርስዎስ ወረቀት አለዎት» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ የእኔ የባሕር ዛፍ ጉዳይ መሆኑ አበቃ።

አንባቢ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው፣ እኔ የሠራዊቱ ጠላት አለመሆኔን ነው። በደርግ ዘመን በሰሜን በንብረት ክፍል ጸሐፊነት አገልግያለሁ፤ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ቤቴ ገብቼ ሳለሁ በ1991 ዓ.ም. በድንበሩ ጦርነት ጊዜ ተጠርቼ ዳግመኛ ለብሻለሁ። ሁለቱ ሠራዊቶች በአርማም በመዝሙርም አይመሳሰሉም ነበር። በአንድ ነገር ግን ልዩነት አላየሁባቸውም፤ ቅጣቱ ከላይ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየከበደ ይሄድ ነበር።

ከአእምሮዬ የማይወጣውን አንዱን ልናገር። በነበርኩበት ክፍል አንድ ወታደር ሁለት ብርድ ልብስ አጎደለ ተብሎ በጓዶቹ ፊት ተገርፎ ታሰረ። በዚያው ወር የክፍሉ አዛዥ አንድ መኪና ሙሉ የፉርኖ ዱቄት ለሌላ ሻለቃ ወጪ እንደሆነ አድርጌ በሞዴል 22 እንድሠራ አዘዙኝ። ዱቄቱ ለየትኛውም ሻለቃ አልደረሰም፤ ከተማ ለነጋዴ ተራግፎ ተሸጠ፤ በግንባር ያለው ልጅ ኮቾሮውን በውኃ እያራሰ ከረመ። ነገሩ ሲሰማ አዛዡ ወደ ሌላ ክፍለ ጦር ተዛወሩ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ማዕረግ ጨመሩ። ያን ሞዴል የጻፍኩት እኔ ነኝ። እጄ መጻፉን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ማንም ግን እኔንም እሳቸውንም አልጠየቀንም።

በእኛ አገር ዝውውር የቅጣት ምትክ ሆኖ የኖረው ከዚያም በፊት ነው። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብሩን አልቀበልም ብሎ በተነሣ ጊዜ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ላይ የዘመተው እግረኛ ጦር ብቻ አልነበረም፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጥሏል። አመፁ ሲበረታ የተወዘፈው ግብር ተማረ፣ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴም ከጎጃም ተነሥተው ከፋን እንዲገዙ ተላኩ። አባቴ ያን ዘመን ሲያወራ ስለግብሩ መማር ደስ ብሎት ይናገርና ስለሞቱት ሰዎች ስጠይቀው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብሎ ወሬውን ይዘጋው ነበር። ቦምቡ እንዲጣል ያዘዘው፣ ያበረረውና ዝም ብሎ የተመለከተው ሁሉ ከሹመት ወደ ሹመት ሲያልፍ ገበሬው ሙታኑን ቀብሮ ወደ እርሻው ተመለሰ።

በአገራችን ጄኔራል ተጠይቆ አያውቅም ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በየካቲት 1980 ዓ.ም. ተረሽነዋል፤ የሚያዝዙት የናደው ዕዝ ማዘዣ የነበረችው አፋቤት በሚቀጥለው ወር ወደቀች። የግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላም በግንቦት 1982 ዓ.ም. አሥራ ሁለት ጄኔራሎች ተረሽነዋል። እነዚህ ሰዎች የተጠየቁት ገዢውን አስቀይመዋል ወይም ከድተዋል ተብለው ነው። በመንደር ስለደረሰ በደል፣ ስለተቃጠለ ቤት፣ ያለ ፍርድ ስለተገደለ ገበሬ በዚያን ዘመን ከጄኔራል መኮንን አንድም ሰው በአደባባይ ችሎት ፊት ሲቆም አላየሁም። ተጠያቂነት ለገዢው ታማኝ የመሆን ሌላ ስሙ ሆኖ ሲቆይ፣ መኮንኑ ከሕዝብ ጋር ያለበትን ሒሳብ ዘንግቶ ከበላዩ ጋር ያለውን ብቻ ማስተካከል ይለምዳል።

የደብረ ማርቆስ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ1970 ዓ.ም. በጎጃም ክፍለ ሀገር የደርግ ተጠሪ በነበረው በእሸቱ ዓለሙ ትእዛዝ በደብረ ማርቆስ 75 እስረኞች ተገድለዋል፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። ይህ ሰው ቆይቶ በኔዘርላንድስ ኑሮውን መሥርቶ፣ ዜግነት አግኝቶ ኖረ። በመጨረሻ ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. የዘ ሔግ ፍርድ ቤት በጦር ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2014 ዓ.ም. ፍርዱን አጸናው። ፍርዱ ሲሰማ ደስ ያለኝን ያህል አንገቴንም ደፍቻለሁ። ወደ 40 ዓመት ከተጠጋ ጊዜ በኋላ፣ የደብረ ማርቆስ እናቶች አብዛኞቹ ካረፉ በኋላ፣ እነሱ በማይሰሙት ቋንቋ የተነበበ ፍርድ ነው። የእኛ ፍርድ ቤት ሰውየውን በሌለበት ፈርዶበት እንደነበር አውቃለሁ፤ ተከሳሽ በሌለበት የተሰጠ ፍርድ ግን ለተበዳይ ግማሽ ፍርድ ነው። የአሁኖቹም እናቶች ያን ያህል ይጠብቁ ማለት ነውን?

ይህን የምጠይቀው መራዊን እያሰብኩ ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የካቲት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በመራዊ ከተማ ከተካሄደው ውጊያ በኋላ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከሕግ ውጭ መገደላቸውን አስታውቋል። መንግሥት በበኩሉ ሰላማዊ ሰዎች ዒላማ አልተደረጉም ብሎ አስተባብሏል። ሁለት ቃል እንዲህ ሲጋጭ በሕግ የሚኖር አገር ማስረጃውን በችሎት ይመዝናል፤ የዚያን ዕለት በከተማዋ የነበረው ኃይል በማን እንደሚታዘዝ፣ ምን ትእዛዝ እንደተሰጠና ምን ሪፖርት እንደተላለፈ ከሬዲዮ መዝገብና ከምስክር ያጣራል። በዚህ ጉዳይ ለፍርድ ቀረበ የተባለ አዛዥ ስም በአደባባይ ሲነገር እኔ አልሰማሁም። በታጣቂዎች በኩል የሚፈጸመውም ግድያና እገታ በዚያው ሚዛን መመዘን አለበት። የመንግሥትን ደመወዝ በልቶ፣ መሐላ ፈጽሞ፣ የአገር ባንዲራ ከትከሻው ለጥፎ የቆመው ግን ከሁሉ አስቀድሞ ይጠየቃል።

ወታደራዊ ፍርድ ቤት ሲፈልግ እንደሚፈጥን ደግሞ አይተናል። መስከረም 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የጥቅማጥቅም ጥያቄ አለን ብለው መሣሪያቸውን እንደያዙ ወደ ቤተ መንግሥት ከሄዱት ወታደሮች መካከል 66ቱ ጥቂት ወራት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ5 እስከ 14 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸዋል። ድርጊታቸው ከባድ የዲሲፕሊን ጥሰት ስለነበር መቀጣታቸውን አልቃወምም። እኔን የሚያሳስበኝ ፍጥነቱ ማዕረግ ይመርጥ እንደሆነ ነው፤ ተራውን ወታደር በወራት ውስጥ ከሶ፣ መስክሮ፣ ፈርዶ የሚጨርስ ተቋም የኮሎኔልና የጄኔራል ዶሴ ሲሆን ዓመታት የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?

በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሁላችን ሜቴክ የምንለው፣ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በይፋ ሲናገሩ፣ አንድ ከፍተኛ መኮንንም እጃቸው በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ሲታዩ፣ በሰፈራችን ብዙ ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን አላጨበጨብኩም። ገና ያልተፈረደበትን ሰው ለካሜራ ማቆም ፍርድን አያፈጥንም፤ መንግሥት በተቀየረ ማግሥት የሚጀመር ክስም የድሮውን የታማኝነት ጥያቄ በአዲስ ልብስ እንዳይሆን ያሰጋል። ትክክለኛው ፈተና አዛዡ በሥልጣን ላይ ሳለ፣ የሾመውም መንግሥት ሳይለወጥ መጠየቅ መቻሉ ነው።

ሕጉ በጭራሽ የለም እንዳይባል አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣን ሁሉ ተጠያቂ ነው ይላል፤ አንቀጽ 28 ያለ ፍርድ ሰው መግደልን፣ መሰወርንና ሥቃይ መፈጸምን የመሰሉ በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋም በምሕረትም እንዳይታለፉ ይከለክላል፤ አንቀጽ 87 ሠራዊቱ ምንጊዜም ለሕገ መንግሥቱ ተገዢና ከማንኛውም ፓርቲ ወገንተኝነት ነጻ እንዲሆን ያዛል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 73 ትእዛዝ የሰጠውን የበላይ፣ በአንቀጽ 74 ደግሞ ትእዛዙ ወንጀል መሆኑን እያወቀ የፈጸመውን የበታች ይጠይቃል። እኔ በዚያ በዱቄቱ ሞዴል ላይ ስጽፍ እንዲህ ያለ አንቀጽ መኖሩን የነገረኝ አልነበረም፤ ዛሬ በማሠልጠኛ ላሉ ልጆች በቃል ሊጠኑ የሚገባቸው እነዚህ ሁለት ናቸው። የሕጉ ጉድለት ያለው ትእዛዝ ሳይሰጥ፣ እያወቀ ዝም ባለው አዛዥ ላይ ነው። ሥር ያሉት ወታደሮች ምን እንደሠሩ ደርሶት ያላቆመ፣ ያልመረመረና ያልቀጣ መኮንን ትእዛዝ እንደሰጠው በግልጽ አልተያዘም፤ በእኛ አገር ልማድ ደግሞ የሚጎዳ ትእዛዝ በጽሑፍ አይሰጥም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ችሎት እንደሚቋቋም አመልክቷል፤ ሕጎቹ ሲወጡ ይህን ዝምታ በስሙ ጠርተው ወንጀል ካላደረጉት ከወታደር በላይ የሚደርስ ክስ አይኖርም ብዬ እሰጋለሁ።

ከመከላከያ ሚኒስቴር የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ሰላማዊ ሰው የተበደለበት ጉዳይ በተቻለ መጠን በአደባባይ፣ በደሉ በደረሰበት ዞን ይሰማ፤ የመራዊ ሰው አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ በር እንዲጠብቅ አይደረግ። አዛዥ ሲዛወር የተከፈተበት አቤቱታ አብሮት ይዛወር፤ አዲሱ አዛዥም የቀድሞውን የአቤቱታ መዝገብ እንደ መሣሪያና እንደ ስንቅ ቆጥሮ ይረከብ። ብርድ ልብስ በቁጥር የሚያረካክብ ሠራዊት የሰው አቤቱታ ማረካከብ አያቅተውም። ከሕዝብ ንብረት የሚወስድ መኮንን ሁሉ ስሙን፣ ማዕረጉንና የክፍሉን ስም ጽፎ ይፈርም። በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በእንጅባራና በባሕር ዳር አቤቱታ የሚቀበለው ቢሮ የትኛው እንደሆነ፣ በስንት ቀንስ መልስ እንደሚሰጥ በዚሁ በእናንተ ዓምድ ቢገለጽልን፣ ያችን እናት ፈልጌ አድራሻውን የማደርስላቸው እኔ ነኝ።

የወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። እንድታትሙት ብዬ አይደለም፤ ፊርማውን አይቶ የሚያውቅ ኃላፊ ወደ ቢሮአችሁ ቢመጣ እንድታሳዩልኝ ነው። ዋናው በእጄ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ የተገለጸ
ጡረተኛ የበታች ሹም፣ ከምሥራቅ ጎጃም