ይድረስ ለዘሀራ፣ ቡናው ሳይቀላ

ዘሀራዬ፣ እንዴት ከረምሽ? እናትሽስ? ልጆቹስ? ይህን ያህል መጥፋቴ ልክ አይደለም፤ ይቅር በይኝ። የቀረውን ስንገናኝ ትቆጪኛለሽ፣ ቁጣሽም ናፍቆኛል። አሁን ግን ቸኩያለሁ፤ አንቺን የሚፈልግ ጉዳይ መጥቷል።

ከአፎሻሽ (ከእድርሽ) ሴቶች ጋር አንድ ዙር የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ እንድናዘጋጅ እፈልጋለሁ። ቡናው ሳይቀላ መሆን አለበት፤ ለቀማ ከተጀመረ ማን ይገኛል? አንቺ ስትናገሪ ወንዶቹ እንኳ ጸጥ ብለው እንደሚሰሙሽ ስለማውቅ እንቢ እንዳትይኝ።

እንቅልፍ የሚነሱኝ ተመርምረው፣ ነጭ ምልክት ታይቶባቸው፣ «ሌላ ቀን ተመለሺ» ተብለው የሚቀሩት ሴቶች ናቸው። ከሊሙ ወይም ከዴዶ ለምትመጣ ሴት ሌላ ቀን ማለት ሌላ የመኪና ገንዘብ፣ ልጅ የሚይዝላት ሰው፣ ለባል ሌላ ማብራሪያ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያስቀረው የክራዮ፣ ማለትም በቅዝቃዜ የሚያክመው መሣሪያ፣ ጋዝ ማለቁ ነው፤ ሲሊንደሩ ከባድ፣ መሙያው ሩቅ። ስለዚህ በሙቀት የሚያክመው፣ በባትሪ የሚሠራው ትንሹ መሣሪያ ተሞክሮ በእጃችን ካልገባ ቀን አንቆርጥም። በ100 ዲግሪ ሙቀት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ነው፤ እዚያው ታክማ ትሄዳለች። ነጩ ከማህፀን በሩ ሦስት አራተኛ በላይ ከያዘ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ዳርቻው ካልታየ፣ ወይም ካንሰር ከጠረጠርን ግን አንነካትም፤ ሪፈር ተጽፎላት ወደ ጅማ ትመጣለች።

ሴቶቹ ምን ይደረግብናል ብለው አንቺኑ ነው የሚጠይቁት። አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ ማህፀን በሩ ላይ በጥጥ ይቀባል፣ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል፣ የተለወጠው ቦታ ይነጣል። ሰዓት ተይዞ ሙሉ ደቂቃ መሆን አለበት፤ ወረፋ ሲበዛ ቶሎ የሚያይ ባለሙያ በሽታውን ያልፈዋል። የምናዘጋጀው 5 በመቶ ነው፦ 5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አሲድ ለ95 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ በየጠዋቱ አዲስ። ያደረ አያስተማምንም፤ ሳይበረዝ የተቀባ ደግሞ ያቃጥላል። ስለዚህ ብልቃጡ ላይ ስምና ቀን ሳይጻፍ ማንም አይነካውም። መብራቱም ነጭ ይሁን፤ ቢጫ አምፖል ያሳስታል። መርማሪዋ ሴት ትሁን፣ መጋረጃው እስከ ወለል ይድረስ። እነዚህ ሁለቱ ካልተሟሉ ግማሾቹ ከበር እንደሚመለሱ አንቺም ታውቂያለሽ።

መጾም አያስፈልግም፤ የወር አበባ ደም የበዛባት ግን ቀን ትለውጥ። የምንጠራው ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ነው፣ ኤችአይቪ በደሟ ያለባትን ከ25 ጀምሮ። በእድሜ የገፉትን «ለእናንተ አይደለም» ብለሽ ዝም ብለሽ አትመልሻቸው። ከማረጥ በኋላ ለውጡ የሚጀምርበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ በዚህ ዘዴ በደንብ አይታይም፤ ሌላ ምርመራ ይሻላቸዋል። ከግንኙነት በኋላ ደም የምታይ፣ ካረጠች በኋላ የደማች፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ አልተዋት ያለ ሴት ግን ዙሩን አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ትሂድ። ይህን በየቡናው ንገሪልኝ።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነው ባሎች የሚያስፈልጉን። እስከ አንድ ወር ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይኖራታል፤ እስኪደርቅ ግንኙነት አይደረግም። ባል ካልተነገረው ወይ ይጠረጥራል ወይ አይታገስም፤ ሸክሙም በእሷ ይወድቃል። አንዱን የሚከበር ሽማግሌ አስቀድመሽ ብታናግሪው? እኔ ባወራው እንደ አንቺ አይሆንም። ትኩሳት፣ የበዛ ደም፣ የሚሸት ፈሳሽ ካለ ትመለስ፤ ካልሆነ በዓመቷ እናያታለን።

መዝገቡን አደራ። የምትሰጠው ስልክ ብዙ ጊዜ የባሏ ወይም የጎረቤት ነውና «በዚህ ቁጥር ብንደውል ምን እንበል?» ብለሽ ጠይቂና መልሱን ጻፊ። ውጤት በአፎሻ ስብሰባ አይነሳም። የጤና ኤክስቴንሽኗም ምልክት የተገኘባትን ቤት ብቻ ለይታ አትሂድ፤ ሰፈሩ ወዲያው ያውቃል። ሦስት አራት ቤት ትዙር፣ እሷን መሀል ታድርግ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ እንዴት እንደምለው እንጃ። አፎሻው ለቀብር ያወጣል፤ ለታመመች ሴት ለምን አያወጣም? ካንሰር የተገኘባት ሴት ሕክምናዋን የምታቋርጠው አብዛኛውን ጊዜ በመኪና ገንዘብ፣ በማደሪያና በአስታማሚ እጦት ነው። ጨረር ጥቁር አንበሳ ብቻ በነበረበት ዘመን ወረፋው ስንቷን ከመንገድ እንዳስቀረ ታስታውሻለሽ። ከመዋጮው ጥቂት ለመጓጓዣ ይለይ፣ አብራት የምታድር ሴትም በተራ ትመደብ። ሸሪዓውንም ሆነ ደንቡን ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ፤ አቅርቢው።

ለሴቶቹ ልጆች የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባቱን አትርሺ፤ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው። ጎማ በ2008 ዓ.ም. ከትግራዩ አሕፈሮም ጋር ለአገሩ የክትባቱ የመጀመሪያ መሞከሪያ የነበረ ወረዳ ስለሆነ «ያመክናል» ለሚል ወሬ ያን ጊዜ የተከተቡትን መጥራት ትችያለሽ። እነሱም ሠላሳ ሲሞላቸው ይመርመሩ፤ ክትባቱ ካንሰሩን የሚያመጣውን የኤችፒቪ ቫይረስ ዓይነት ሁሉ አይሸፍንም።

ዘሀራ፣ አንቺስ ታይተሻል? ይህን ለመጠየቅ ስንት መስመር ዞርኩ። ቫይረሱ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያዘግማል፤ ጊዜ አለ፣ ግን ዕድሜያችንን ቁጠሪው። «ምንም አያመኝም» እንዳትይኝ፤ ሲጀምር አያምም። ካልታየሽ ከመዝገቡ መጀመሪያ ስምሽን ጻፊ፤ ሌሎቹም አንቺን አይተው ይገባሉ።

የሴቶቹን ብዛትና ለክፍሉ የሚሆን ቤት እስከ ሐሙስ ገበያ በሚመጣ ሰው ላኪልኝ፤ አልጋውንና መብራቱን እኔ እይዛለሁ።

አስቴር
ጅማ