የዶሮ እርባታ ግቢያችን በር ስለተዘጋበት ምክንያት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን በራችን ላይ ቆማችሁ "አውራውን እንደ ድሮው ገብቼ ካልመረጥኩ አልገዛም" ብላችሁ የተመለሳችሁ አላችሁ። ባዶ የእንቁላል ትሪ ይዛችሁ መጥታችሁ "አንቀበልም" ስትባሉም ተቀይማችኋል። "ጠገቡ፣ ሰው ናቁ" መባሉም ጆሮዬ ደርሷል። ለተጉላላችሁት ይቅርታ። ውሳኔውን ግን አንሽረውም። ምክንያቱን ስሙኝና ፍረዱ።

በጨለለቃ ሐይቅ በኩል የምታልፉ ታውቃላችሁ። ከመስከረም ጀምሮ ዳክዬዎችና ሌሎች የውሃ ወፎች ከአውሮፓና ከእስያ መጥተው እዚያ ይከርማሉ። ያምራሉ፤ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ግን ዳክዬውን ምንም ሳያደርገው አብሮት ሊጓዝ ይችላል። በኩሱ ይወጣል፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ካገኘ ሳምንታት ይቆያል። ያንን ኩስ የረገጠ ጫማ ዶሮ ቤት ከገባ አለቀ። ዶሮ እንደ ዳክዬ አይችለውም፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ቤቱ ባዶ ሊቀር ይችላል። ለሌላው የዶሮ በሽታ፣ ለፈንግል፣ ክትባት አለን፣ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል። ለዚህኛው ግን እጃችን ላይ ያለው መከላከያ በር መዝጋት ነው።

በሽታው ሩቅ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ጥር ላይ ኡጋንዳ ውስጥ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር መጀመሪያ የዱር ወፎች ሞተው ተገኙ። ቀጥሎ የሰፈር ዳክዬና ዶሮ ላይ ታየ። ኬንያ ወዲያው የኡጋንዳን ዶሮ አላስገባም አለች። ጤነኛ ዶሮ የያዘውም ገበያው አብሮ ተዘጋበት።

ወሬው ብቻውን ምን እንደሚያደርግ እኛም ቀምሰነዋል። በ1998 ዓ.ም. በሽታው ናይጄሪያ ገባ በተባለ ሰሞን፣ ጉራጌ ውስጥ ጉብሬ ላይ ዶሮዎች ሞተው አገር ተሸበረ። ምርመራው የወፍ ጉንፋን አይደለም አለ፤ ወሬው ግን ቀድሞት ነበር። እኔና ባለቤቴ ያኔ ገና በጓሮ ነበር የምናረባው። አንድም የታመመ ዶሮ ሳይኖረን እንቁላል የሚገዛን ጠፋ። በዚያ ክፉ ቀን ያልተዋችሁን ደንበኞች አላችሁ። ዛሬ ከተቀየሙት ውስጥ እናንተም መኖራችሁ ነው ያመመኝ።

የትሪው ነገር ስስት የመሰላችሁ ካላችሁ ይህን ልንገራችሁ። ትሪ ከእኛ ወጥቶ ሱቅ ይገባል፣ ከሱቅ ሌላ እርባታ ይዞራል፣ ከዚያ ነው የሚመለሰው። በቅርቡ ከተመለሱት አንዱን ገልብጬ ሳየው ከደረቀ ኩስ ጋር ላባ ተጣብቆበታል። ላባው ቀይ ነው። የእኛ ዶሮዎች ነጭ ናቸው። የወረቀት ትሪ ደግሞ ታጥቦ አይጸዳም። የዶሮ መኖው፣ የበቆሎና የአኩሪ አተር ዋጋ የት እንደደረሰ እያወቃችሁም የአዲሱን ትሪ ግማሽ ዋጋ እኛው ችለናል።

በእናንተ ላይ ብቻ የጠበቅን እንዳይመስላችሁ። ሠራተኞቻችን ቤታቸው ዶሮ እንዳያረቡ ተስማምተናል፤ በምትኩ እንቁላል እንሰጣቸዋለን። የዶሮ ቤቶቹን መስኮት በሙሉ ወፍ በማያሳልፍ ሽቦ ሸፍነናል። እኔ ራሴ ጫማ ሳልቀይር አልገባም።

አውራ ዶሮ ሳያነሱ፣ ደረቱን ሳይዳስሱ መግዛት ለእኛ ሰው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስለዚህ ከግቢው ውጭ፣ አስፋልቱ ዳር ሱቅ ከፍተናል። እዚያ እንደፈለጋችሁ እያነሳችሁ ምረጡ። አንዴ የወጣ ዶሮ ግን ወደ ግቢው አይመለስም፤ ያልተሸጠውን እዚያው አርደን እንሸጣለን።

እርባታችን ውስጥ የታመመ ዶሮ የለም። ሥጋውም እንቁላሉም በደንብ ከበሰለ አትስጉ፤ ቫይረሱ ውስጡ ድረስ 70 ዲግሪ የደረሰ ምግብ ላይ አይተርፍም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ ያሉት ዶሮዎች በድንገት መሞት ከጀመሩ ወይም ጭንቅላታቸው ካበጠ፣ "ሳይሞት ልረደው" አትበሉ፤ ሐይቅ ዳርም አትጣሉት። ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። ፈንግልም ተመሳሳይ ምልክት ስላለው በዓይን አይለይም፤ ናሙናው ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሄዶ ነው የሚለየው።

ለገና አውራ ዶሮ የምትፈልጉ እስከ ታኅሣሥ 22 ሱቁ ድረስ መጥታችሁ ወይም ደውላችሁ አስመዝግቡ። የተቀየማችሁም ብትሆኑ ኑ፤ የቆዩ ደንበኞቻችንን ድርሻ ለይተን አስቀምጠናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የእርባታው ባለቤት፣ ቢሾፍቱ