ሸክላ ገዛሁ

ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ወገብዎስ እንዴት ነው? የመሐል ሜዳ ብርድ ዘንድሮም እንዳልማራችሁ እገምታለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ዛሬ ሩፋኤል ስለሆነ ልጆቹ ዝናብ ውስጥ ሲጨፍሩ ዋሉ።

ባለፈው በስልክ «ሸክላ ገዛሁ» ስልዎት እማዬ ከጎንዎ ሆና «ምጣድ ነው ጀበና?» ያለችው እስካሁን ያስቀኛል። ዋጋውን ስትሰማ ግን ዝም አለች። ዝምታዋ ገብቶኛል። የእኔ ሸክላ የዘፈን ነው፤ ገንዘቤ የት እንደገባ ላስረዳ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። በየጳጉሜው ዓመቱን ሙሉ የሰማሁትን ሙዚቃ መቁጠር ልማዴ እንደሆነ ያውቃሉ። የዘንድሮው ሒሳብ እርስዎንም ይነካል።

ዘንድሮ ከሁሉ የበለጠብኝ አዲስ ዘፈን አይደለም። የቤታችን አሮጌ ካሴት ናት። ያቺ ዘፋኝ የሌለባት፣ አኮርዲዮን ብቻ የሚያንጎራጉርባት። የበግ ጠጉር ሸጠው ከደብረ ብርሃን ይዘዋት የመጡት።

የኃይሉ መርጊያ ናት አባባ። ሰውየው ደግሞ የእኛው ነው፤ ደብረ ብርሃን ነው የተወለደው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ስለምጽፍ እንዳይደናገሩ።) ከዋልያስ ባንድ ጋር ሒልተን ይጫወት ነበር። በ1977 «ቼ በለው»ን አሳተሙ፤ ያ «ሙዚቃዊ ስልት» የሚባለው ያለበትን። በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሄደ፤ እሱም እዚያው ቀረ። በ1985 አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ገብቶ ብቻውን ቀዳት። አኮርዲዮኑም ሲንተሳይዘሩም የራሱ፣ ከበሮው የማሽን። «ሸሞንሟናዬ» ያኔ የተቀዳው ነው። ከዚያ ዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆነ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከኋላ ያወጣና መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር ይባላል። የደብረ ብርሃን ብርድ ያጠነከረው ጣት በዋዛ አይሰንፍም።

ካሴቷን ከሞት ያስነሳት ብሪያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ባሕር ዳር ላይ አግኝቷት፣ ኃይሉን ፈልጎ አስፈቅዶ፣ በ2013 እንደገና አሳተማት። ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ ይሉታል አሳታሚውን። «ቼ በለው»ም በ2014፣ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ»ም በ2016 ተከተሉ። ሸክላ ብዬ የነገርኩዎት የመጀመሪያዋን ነው። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ በልብሷ መሀል ጠቅልላ ነው ያመጣችልኝ።

ድምፁ ጠርቷል። እኛ ቤት እያለች ባሱ ጭጋግ ውስጥ እንዳለ በግ ከሩቅ ነበር የሚሰማው። አሁን ደጃፍ ድረስ መጥቷል። እኔ ግን መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ደስታዬ ሙሉ አልሆነም። አንድ ነገር ጎደለብኝ። ምን እንደሆነ የገባኝ ሦስተኛው ቀን ላይ ነው። እርስዎ የሉበትም!

ያስታውሳሉ? ባናዎን ተከናንበው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ አኮርዲዮኑ ዜማውን ሲጀምር እርስዎ ቃሉን ይገቡበት ነበር። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይረሱታል። «ኧረ እንዴት ነበር እሱ?» ብለው እማዬን ይጠይቃሉ። እስክትነግርዎ አኮርዲዮኑ ጥሎዎት ይሄዳል። እኔ እስከ ስንት ዓመቴ ድረስ ዘፈኑ እንደዚያ የተሠራ ይመስለኝ ነበር፤ መሀል ላይ ጥያቄ ያለበት።

ሁለተኛዋ የዘንድሮ ሰው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በፒያኖ ብቻ የተጫወቷቸው ከብዙ ዓመት በፊት ተሰብስበው ወጥተው ነበር። እኔ ዘንድሮ የያዝኩት ግን በ2024 የወጣውን ነው፤ ራሳቸው የሚዘምሩበትን። በ1977 እና በ1985 መካከል፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቤታቸው ቁጭ ብለው በቴፕ የቀዱት ነው። ስቱዲዮ የለ፣ ባለሙያ የለ። ቁልፉን ሲጫኑ ቀጭ ሲል ይሰማል። ወንበራቸው ይንቋቋል። ከመስኮቱ ውጪ ወፎች ይንጫጫሉ። አሳታሚዎቹ ይህን ሁሉ ስላላጸዱት እግዜር ይስጣቸው! እማሆይ ራሳቸው አላዩትም፤ በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አርፈዋል።

የድሮ ዘፈን ስብስቦቹንም ጠይቀውኝ ነበር። ትልቁ ያው ኢትዮፒክስ የሚባለው ባለ ብዙ ቅጽ ነው፤ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ ፓሪስ ላይ ያወጣው። የጥላሁንም የማሕሙድም የዓለማየሁ እሸቴም ለየብቻ አለበት። አብዛኛው መሠረቱ አምሐ እሸቴ ያሳተመው ነው። በንጉሡ ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር። አምሐ ገና በወጣትነቱ በ1969 አዋጁን ጥሶ ማሳተም ጀመረ። ያ ሰው ባይደፍር ዛሬ የሚሰበሰብ ነገር ባልኖረ ነበር።

ቅሬታ ግን አለኝ። የመጀመሪያው ቅጽ «ወርቃማው ዘመን» ብሎ 1975 ላይ ይቆማል። እሱን ብቻ የሰማ ፈረንጅ ከአብዮቱ በኋላ ያለቀሰም የዘፈነም ያለ አይመስለው። የእርስዎ ካሴት እኮ ከዚያ በኋላ የመጣች ናት።

ሚክስ የሚባለውን ደግሞ እንዲህ ይያዙት። አንድ ዲጄ የብዙ ሰው ዘፈን እየቀጣጠለ ሳያቋርጥ ያጫውታል። ለመንገድ ሸጋ ነው። ነገር ግን ቋንቋውን የማያውቅ ዲጄ ዘፈኑን የት እንደሚቆርጠው አያውቅም። ዘፋኙ ቅኔውን ሊፈታ አንድ ስንኝ ሲቀረው ሌላ ዘፈን ይገባበታል። ሰሙን አቅምሶን ወርቁን ይዞት ይጠፋል። በዚህ የተነሳ ዘንድሮ አንድም አልመረጥኩም። የራሴን ሠራሁ።

ለእርስዎ ነው የሠራሁት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለችውን ፍላሽ ሬዲዮኗ ላይ ይሰኩልኝ። ሁለት ፎልደር አለባት። አንዱን «የፍስክ» ብዬዋለሁ። ሌላው «የጾም» ነው፤ እማሆይና የዓለሙ አጋ በገና አሉበት። ስለዚህ እማዬ በሑዳዴ ሬዲዮኗን ሳጥን ውስጥ አትቆልፍብን።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ። የዚያች ካሴት ሁለተኛው ጎን ድንገት የጠፋው ቴፑ በልቶት አልነበረም። በላው ያልኩዎት እኔ ነኝ። እንዳይቀዳባት የተሰበረውን ቀዳዳ በፕላስተር ደፈንኩና ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። ከዚያ የኳስ ጋዜጠኛ ሆኜ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጮህኩበት። ጊዮርጊስን አምስት ለዜሮ አሸነፍኩት። ሲሰሙት ይቆጣሉ ብዬ ክሩን ጎትቼ አውጥቼ አመሰቃቀልኩት። እርስዎ ደግሞ አምነውኝ በእስክርቢቶ እየጠቀለሉ ሲያቃኑት አመሹ። ሳይሆን ሲቀር «ያሳዝናል» ብቻ ነው ያሉት። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ጎኑን አሁን መልሼልዎታለሁ። ፍላሿ ላይ ሙሉው አለ። የቀረኝ የእርስዎ ድምፅ ነው። የጎረቤቱ ልጅ ስልክ ላይ መቅጃው የት እንዳለ ያውቃል፤ ነግሬዋለሁ። ሬዲዮኗን ከፍተው ስልኩን አጠገብዎ ያስቀምጥልዎትና እንደ ድሮው ይግቡበት። ቃሉ ቢጠፋዎት አይጨነቁ፤ እማዬን ይጠይቋት። ደግመው ላስተካክል እንዳይሉ ብቻ።

መንገዱ ሰላም ሆኖ መኪና ካገኘሁ ለመስቀል እመጣለሁ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ።

ልጅዎ

ማስታወሻ፦ እማዬ «ታዲያ ያ ሸክላ ይሰበራል?» ካለች፣ አዎ፣ እሱም ይሰበራል በሏት።