ከብርኖ ለአባዬ

ውድ አባዬ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው «አስር ሚሊዮን ሰው ብቻ የሚናገረውን ቋንቋ ተምረሽ የት ልትደርሺ ነው?» ብለው ሲቆጡ መስመሩ ተቋረጠብኝ። መልሱ አጭር ነው። እዚህ ቼክ አገር በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በቼክኛ ለሚማር የውጭ ሰውም ትምህርቱ በነፃ ነው፤ በእንግሊዝኛ ልማር ያለ ግን ይከፍላል። አቅማችንን ደግሞ ያውቁታል።

ፊደላቸውን ሳይ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ማታ ማታ ገበታውን ይዘው «ሰ አናቷ ላይ ጭረት ሲጨመርባት ሸ፣ ነ ደግሞ ኘ፣ ዘም ዠ ትሆናለች» ይሉኝ አልነበር? እነዚህም እንደዚያው ናቸው፤ የላቲኑ «ኤስ» አናት ላይ ትንሽ ቀንድ ሰክተው «ሽ»፣ «ኤን» ላይ «ኝ»፣ «ዜድ» ላይ «ዥ» ይላሉ። ነገሩን የጀመረው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1415 በመናፍቅነት ያቃጠሉት ቄስ ያን ሁስ ነው ይባላል። አንድም አናባቢ የሌለበት ዓረፍተ ነገርም አላቸው፤ «ስትርች ፕርስት ስክርስ ክርክ»። የክፍል ጓደኞቼ ሲታነቁ እኔ በሳድስ ጽፌ አነበነብኩት። ትርጉሙ «ጣትህን በጉሮሮህ ስደድ» ነው፤ ለምን እንደሚረባ እንጃ።

አንዲት ፊደል ግን አሸንፋኛለች። «ር»ን እና «ዥ»ን አንድ ላይ ማውጣት ነው። በቼክኛ «ሦስት»ም «አራት»ም በሚሉት ቃላት ውስጥ ስላለች፣ ዳቦ የምገዛው ወይ ሁለት ወይ አምስት ነው።

የባሰው የስም መጨረሻ ነው። እኛ «ከብርኖ»፣ «በብርኖ»፣ «ወደ ብርኖ» ስንል ከተማዋ ራሷ አትነካም። እነሱ «ዝ ብርና»፣ «ቭ ብርኜ»፣ «ክ ብርኑ» እያሉ ጅራቷን ይለዋውጧታል። እንዲህ ያለ ሰባት መልክ አለ።

ለነገሩ ብርኖ ለእርስዎ እንግዳ አይደለችም። ብሬን መትረየስ ስሙን ያገኘው ከዚህችው ከተማ ነው፤ «ብር» ከብርኖ፣ «ኤን» እንግሊዞቹ ይሠሩበት ከነበረው ከኤንፊልድ። ይህን ሳውቅ ለአስተማሪዬ «አባቴ ተሸክመውት ነበር» ልል ተነሳሁና፣ በአማርኛ የማልስተውን ስቼ እርስዎን በሴት ግስ ጠራሁዎት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይቅርታ አባዬ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ፈተናው ደህና ነበር» ያልኩዎት ውሸት ነው፤ ወድቄያለሁ። ንባቡንና ንግግሩን አልፌ ጽሑፉ ላይ እነዚያ ጅራቶች ጣሉኝ። በስልክ ድምፅዎን እየሰማሁ መናገር ስላልቻልኩ ነው የጻፍኩት። ነሐሴ ላይ እንደገና እቀመጣለሁ።

ለእማዬ ግን እስካልፍ ድረስ አይንገሩብኝ። ከሰማች ለገብርኤል ሌላ ጃንጥላ ትሳልብኛለች፤ የቪዛውም ስለት ገና አልገባም።

ልጅዎ